ባለ ማርሽ የጎማ መፍቻ፦ ከ11 ወር በኋላ

ከመጀመሪያው ተናግሬ ልገላገል። ዕቃው ይሠራል። ሌላ ቁልፍ እምቢ ያለውን ዳዶ (ጎማውን ብሎኑ ላይ አጥብቆ የሚይዘውን) ይፈታል። ግን ብሎንም ይቆርጣል፣ ሲቆርጥም አይነግራችሁም። እኔ አንድ ቆርጫለሁ። እሱን ትንሽ ቆይቼ አወራዋለሁ።

ዓይታችሁት ለማታውቁ፣ ክንድ የሚያክል ድብልብል ብረት ነው። በአንድ ጫፉ በእጅ የሚዞር እጀታ አለው፣ በሌላው ጫፍ ቡሶላ፣ ማለትም ዳዶውን የሚያቅፈው ክብ ቁልፍ፣ ይሰካበታል። ከጎኑ ደግሞ አንድ እግር ወጣ ብሏል። እግሩ ጎረቤት ዳዶ ላይ ይደገፋል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ማርሽ ነው። የኔው 1 ለ 58 ነው፤ እጀታውን 58 ጊዜ ስታዞሩት ቡሶላው 1 ዙር ይዞራል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይበዛል፣ ማርሹ በሰበቃ የሚበላው ሲቀነስ። እጀታው 20 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጫፉን በ5 ኪሎ ያህል ጉልበት ብትገፉት 10 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው) ይሆናል። በ58 አባዙት። ይኸው ነው ሚስጥሩ።

መኪናዬ ያረጀ የጭነት መኪና ነው፣ ከኋላ ድርብ ጎማ ያለው። ዳዶዎቹ ባለ 32 ሚሊሜትር ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ዳዶ በደንቡ ሲጠብቅ 600 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ማለትም 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1 ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለበት ቁጠሩት። ይሄ እንግዲህ በደንቡ የጠበቀው ነው። አንዱ በአየር መፍቻ እስኪበቃው ደቁሶት፣ ከዚያ ጭቃውም ዝናቡም የፍሬኑም ሙቀት ሲፈራረቅበት የከረመውን እናንተ ገምቱ። ድሮ ጎማ መፍቻው ላይ ቱቦ እሰካና እኔና ረዳቴ እላዩ ላይ እንዘል ነበር። ቁልፉ ጠመመ። አንድ ቀን ደግሞ ቡሶላው አመለጠና ቱቦው ቅልጥሜን መታኝ። ይሄን ዕቃ የገዛሁት እያነከስኩ ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያ ቀን ስሞክረው ሳቄ መጣ። እግሩ ጎረቤቱን ዳዶ እስኪይዝ ድረስ እጀታው በባዶ ይዞራል። ከዚያ ቀስ እያለ ይከብዳል። ከዚያ «ጧ!» የሚል ድምፅ፣ እንደ ደረቅ እንጨት። ዳዶው ለቀቀ። ላብ የለ፣ ዝላይ የለ። በቀኝ በኩል ያሉትን ሁሉ በዚህ መንገድ ፈታሁ፣ ስኮርታ ጎማውን ሳይቀር።

እስከ መጨረሻው በሱ ለመፍታት ግን አትሞክሩ። አንድ ዳዶ ከብሎኑ እስኪወጣ 15 ወይም 20 ዙር ቢፈልግ፣ በዚህ ዕቃ እጀታውን 1,000 ጊዜ ያህል ልታዞሩ ነው፣ ክንዳችሁ ዳዶውን ቀድሞ ይወልቃል። እኔ እንዲለቅ ብቻ አደርገውና በተራ ቁልፍ እጨርሰዋለሁ። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ታኮ ተደርጎ። ክሪኩ የሚመጣው ሁሉም ዳዶ ከላላ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቆረጥኩት ብሎን። 4ኛው ወር ላይ ነው። በግራ በኩል የኋላው ጎማ ተነፈሰ፣ ያንን ጎን ከገዛሁ ጀምሮ ነክቼው አላውቅም። ረዳቴ እጀታውን ያዘ፣ እኔ ቆሜ አያለሁ። አዞረ፣ አዞረ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እየከበደ ነው እንጂ እየላላ አይደለም እኮ» አለኝ። «አንተ ዝም ብለህ አዙር» አልኩት። ጧ የሚለው ድምፅ መጣ፣ ደስ አለኝ። ቡሶላውን ስናነሳው ዳዶው ከነብሎኑ ጫፍ አብሮት መጣ። የተቆረጠው ፊቱ ብር የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ። ዝገት የለበትም። ደህና ብሎን ነበር።

ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ አንዳንድ የቆዩ የጭነት መኪናዎች በግራ በኩል ያለው ብሎናቸው ጥርሱ ግራ ዞር ነው። የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። እየፈታን መስሎን ስናጠብቀው ነበር። ጎረቤቱን ብሎን በጨርቅ ብወለውለው ጫፉ ላይ «ኤል» የምትል የላቲን ፊደል ተቀርጻለች፣ በእንግሊዝኛ የ«ግራ» ምልክት። አጠገቤ። ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ልብ በሉ፣ በረጅም እጀታ ቢሆን ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። በረጅም እጀታ ሁለት ሰው ተንጠልጥሎ ዳዶው ካልተነቃነቀ፣ ቆም ብለህ ታስባለህ፤ ድካሙ ራሱ ያስቆምሃል። ብሎን ሊቆረጥ ሲልም ሊጥ የመሆን ነገር አለው፣ እጅ ላይ ይታወቃል። ይሄኛው ያንን ሁሉ ከእጃችሁ ይወስደዋል። በዕቃው ላይ ትልቁ ቅሬታዬ ይሄ ነው፣ የሚገርመው ደግሞ የገዛሁትም ለዚሁ መሆኑ ነው። አሁን ያለኝ ዘዴ ቀላል ነው። ሲከብድ ሩብ ዙር አዞራለሁ፣ እቆማለሁ፣ ዳዶው ላይ በጠመኔ ያሰመርኩት መስመር መንቀሳቀሱን አያለሁ። ካልተንቀሳቀሰ ወደኋላ መልሼ አላላውና የወጣውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ የዝገት ዘይት እነፋበታለሁ። ዘይቱ ጊዜ ይፈልጋል። ማታ ተነፍቶ ጠዋት የሚፈታው፣ ተነፍቶ ወዲያው ከሚፈታው ጋር አይገናኝም። ፍሬኑ ላይ እንዳይደርስ ብቻ ተጠንቀቁ።

ጣታችሁንም ተጠንቀቁ። እግሩ ጎረቤት ዳዶው ላይ የሚያርፍበት ቦታ መቀስ ነው። ዳዶው ለቆ እንኳ ዕቃው ተወጥሮ እንደተቀረቀረ ሊቀር ይችላል፤ በመዶሻ አትምቱት፣ እጀታውን ጥቂት ወደኋላ ስታዞሩት ራሱ ይለቃል።

ስለ ጥንካሬው፦ ሳጥኑ የፕላስቲክ ነው፣ መቆለፊያው በመጀመሪያው ወር ተሰበረ፣ አሁን በላስቲክ አስሬው ነው የሚሄደው። አብሮት የመጣው ባለ 33 ሚሊሜትር ቡሶላ ደህና ነው። ባለ 32ው ግን ጠርዙ መላጥ ስለጀመረ ለብቻው ጠንካራ ባለ 6 ጎን ገዛሁለት። ባለ 12 ጎን ቡሶላ ለተጣበቀ ዳዶ አይሆንም፣ የዳዶውን ማዕዘን ይልጠዋል። እግሩ የቸርኬውን ቀለም ፍቋል፣ ለኔ ግድ የለም፣ አሉሚኒየም ቸርኬ ላላችሁ ግን ያንገበግባል። 9ኛው ወር ላይ እጀታው ሲዞር አሸዋ የፈጨ ይመስል ጀመር። ከፈትኩት። ግራሱ ደርቆ ጥቁር አፈር ሆኗል። አጥቤ አዲስ ሞላሁት፣ እንደ አዲስ ሆነ። ማርሾቹ ላይ የተሰበረ ጥርስ የለም፣ ይሄ አስገርሞኛል።

ለማጥበቅ ግን አልጠቀምበትም። ስንት እንዳጠበቃችሁ አታውቁትም፣ የነገውን የተጣበቀ ዳዶ ዛሬ እየሠራችሁት ነው። ለማጥበቂያ ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ አለኝ። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከሄድኩ በኋላም ደግሜ አያለሁ።

ትንሽ የቤት መኪና ያላችሁ ብዙ ሰዎች ልግዛ ወይ ትሉኛላችሁ። አትግዙ። የናንተ ዳዶ ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 120 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው፣ 60 ሴንቲሜትር እጀታና ልኩ የሆነ ባለ 6 ጎን ቡሶላ ይበቃችኋል። የጭነት መኪና ላላችሁ፣ በተለይ ብቻችሁን ለምትነዱ፣ አዎ፣ ግዙት። ጠመኔም ያዙ።