ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ስክሪን፦ የትኛውን ጌም እንግዛ?

ከእህቴ ጋር አብረን እንጫወታለን ብለን የገዛነውን አንድ የተኩስ ጌም አልረሳውም። ሽፋኑ ላይ "ኮ-ኦፕ" ይላል፤ ተባብሮ መጫወት ማለት ነው። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ቻርጅ አድርገን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሜኑውን ላይ ታች ብንል ስክሪኑን ለሁለት የሚከፍል ነገር የለም። ለካ ኮ-ኦፕ ያሉት ኦንላይኑን ብቻ ነው። እሷ ሌላ ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ ዕቃ) እና ሌላ ኮፒ ያስፈልጋታል። ያን ቀን እኔ ስሞት ለእሷ፣ እሷ ስትሞት ለእኔ እየተቀባበልን አመሸን።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ጎልደንአይ አራት ሰው በአንድ ቲቪ ያጫውት ነበር። በ2001 የመጀመሪያው ሄሎ ሲወጣም ታሪኩን ለሁለት ሆኖ መጨረስ ይቻል ነበር። የ2015ቱ ሄሎ 5 ግን ስፕሊት ስክሪኑን፣ ማለትም አንዱን ስክሪን ለተጫዋቾች መክፈሉን፣ ጭራሽ አስወጣው። ለሄሎ ኢንፊኒት ታሪክ ቃል የተገባው ስፕሊት ስክሪንም በ2022 ተሰረዘ።

ነገሩ ለሠሪዎቹ ቀላል አይደለም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ስክሪኑ ለሁለት ሲከፈል ኮንሶሉ ያንኑ ዓለም በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይስላል። አንዱ ጫካ ገብቶ ሌላው ከተማ ከቀረ፣ ሜሞሪው ሁለቱንም መሸከም አለበት። በዚያ ላይ ኦንላይን ሲሆን ሁለት ኮፒ ይሸጣል። እኛ ገዢዎች ግን አብሮን የሚቀመጠውን ሰው አስበን መምረጥ አለብን።

ለሁለት ሰው ከሆነ የእኔ ምርጫ ኢት ቴክስ ቱ ነው። በ2021 ወጥቶ ጌም አዋርድስ በሚባለው ዓመታዊ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ተብሏል። ብቻውን የሚጫወተው ሰው የለም፤ የተሠራው ለሁለት ነው። መጀመሪያ አካባቢ አንዱ ምስማር ይሰጠዋል፣ ሌላው የመዶሻ ራስ። ባለ ምስማሩ ግድግዳ ላይ ካልሰካለት ባለ መዶሻው ተንጠልጥሎ መሻገር አይችልም። እህቴ ጆይስቲክ በቅጡ የያዘችው በዚህ ጌም ነው። መጀመሪያ ካሜራውን ማዞር አቃታትና ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ቆየች። ግን በራሷ ግማሽ ስክሪን ስለሆነ የእኔን አልረበሸችም። ከወደቀችም ወዲያው ትነሳለች።

ያው ስቱዲዮ በ2025 ያወጣው ስፕሊት ፊክሽን በመልክም በሐሳብም ይበልጣል። አንዴ ሳይንሳዊ ልብወለድ፣ አንዴ ተረት ዓለም ውስጥ ይከታችኋል፤ የገጸ ባሕርያቱ ችሎታም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ለዚህ ነው ለጀማሪ የሚከብደው። ሁለቱም ጆይስቲክ የለመዱ ከሆኑ በቀጥታ እሱን ይግዙ። አንዱ አዲስ ከሆነ ግን ከኢት ቴክስ ቱ ይጀምሩ። ሁለቱ ጌሞች ደግሞ አንድ ትልቅ ደግነት አላቸው፦ ጓደኛ ሩቅ ቢሆን እንኳ ጌሙን የገዛው ሰው ጋብዞት በነፃ አብሮ ይጫወታል።

ረጅም ታሪክ፣ ብዙ ንባብና ተራ በተራ የሚደረግ ውጊያ ለሚወዱ ባልደርስ ጌት 3 አለ። ሁለት ሰው በአንድ ስክሪን ይጫወታል። አንዱ ከሰው ጋር ሲያወራ ሌላው ሄዶ ሣጥን መፈተሽ ይችላል። ችግሩ ጽሑፉ ነው፤ ግማሽ ስክሪን ላይ ለዓይን ያስቸግራል፣ ትንሽ ቲቪ ላለው አልመክርም። ስፕሊት ስክሪን ምን ያህል ሸክም እንደሆነም በዚህ ጌም ታይቷል። አቅሙ አነስ ባለው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ላይ አልሠራ ብሎ የኤክስቦክሱን መውጫ አዘገየው። በ2023 መጨረሻ ሲወጣም ለዚያ ኮንሶል ስፕሊት ስክሪን አልነበረውም፤ የተጨመረው በ2025 ነው።

ሦስት አራት ሰው ከሆናችሁስ? ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ለአራት ይከፈላል። የኔንቲንዶ ስዊች ኮንሶል ጥንድ ጆይኮን (ትንንሽ ጆይስቲኮቹ) ለሁለት ስለሚካፈል ተጨማሪ ጆይስቲክ ወዲያው መግዛት አያስፈልግም። ሦስትና አራት ስትሆኑ በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት ከ60 ወደ 30 ይወርዳል፤ ልጆች ግን ልብም አይሉት። ውድድር ሰልችቷችሁ አብሮ መሥራት ከፈለጋችሁ ኦቨርኩክድ 2 ይሻላል። ስክሪኑ አይከፈልም፤ አራታችሁም አንድ ኩሽና ውስጥ ናችሁ። የሚዞር ካሜራ ስለሌለው ለጀማሪ ገር ነው። ጩኸቱን ግን ቻሉት።

ከመክፈላችሁ በፊት "በዚያው ኮንሶል ስንት ሰው ይጫወታል" የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። የኦንላይኑ ቁጥር ሌላ ነው። የምትጫወቱበትንም ዕቃ አብራችሁ እዩ። ማይንክራፍት ኮንሶል ላይ ለአራት ይከፈላል፣ ኮምፒውተር ላይ ግን አይከፈልም። ዲያብሎ 4ም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚጫወተው ኮንሶል ላይ ብቻ ነው፣ ለዚያውም ሁለተኛው ሰው የራሱን አካውንት ከፍቶ።