የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል አማርኛ ለሚያስተምሩልን መምህርት ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ልጅዎ በድርሰት 6 ከ10 አግኝቶ ቤት ሲገባ «አራቱን ምን ላይ አጣኸው?» ቢሉት የሚመልሰው ይኖረዋል? የእኚህ መምህርት ተማሪዎች ይመልሳሉ። «ሁለቱን ከአደረጃጀት፣ አንዱን ከሰዋስው፣ አንዱን ከይዘት» ይላሉ። መምህርቷ እዚህ አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራሉ። ይህን የምንጽፈው በአደባባይ ልናመሰግናቸው፣ በክረምት አስጠኚ ለሚፈልጉ ወላጆችም ልንጠቁማቸው ነው። ስማቸውን ያልጻፍነው ራሳቸው ስላልፈለጉ ነው።

መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ «ከተማሪ የሚጠበቅ» የሚል አንድ ወረቀት ለየልጁ ይሰጣሉ፤ ወላጅ አንብቦ ይፈርምበታል። ብዙ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት አለ፤ አብዛኛው ግን «በሰዓቱ መገኘት፣ ሥርዓት መያዝ» ብሎ ያበቃል። የእሳቸው ወረቀት ልጁ ምን መሥራት እንዳለበትና ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል ይናገራል። የድርሰት 10 ነጥብ ለይዘት 4፣ ለአደረጃጀት 3፣ ለሰዋስው 2፣ ለሆሄና ለሥርዓተ ነጥብ 1 ተብሎ ተጽፏል። ሆሄ 1 ብቻ የተሰጠው ስለሚናቅ አይደለም። ልጅ በየፊደሉ ስህተት ነጥብ የሚቀነስበት ከሆነ የሚያውቃትን አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ እየጻፈ ያመልጣል፤ ሐሳብ መሞከር ያቆማል።

ለአማርኛ ሁለት ባለ 50 ሉክ ደብተር ይፈለጋል። አንዱ የክፍል ማስታወሻ ነው፤ ሁለተኛው የጽሕፈት። በጽሕፈቱ ደብተር ላይ ልጁ የሚጽፈው በቀኝ ገጽ ብቻ ነው። የግራው ባዶ ይቀመጣል፤ እርማቱ ሲመለስ እንደገና የሚጻፍበት እሱ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ማጥፋትም መቅደድም አይፈቀድም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ልጁ ያሻሻለውን በዓይኑ ያየዋል፤ ወላጅም ያየዋል።

ከ50 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ይህን ሁሉ ማን ያርማል የሚል ይኖራል። መምህርቷ ሁሉንም ስህተት በአንድ ጊዜ አያርሙም። አንድ ሳምንት አንቀጽ፣ አንድ ሳምንት የቁጥርና የጾታ ስምምነት፣ አንድ ሳምንት ሥርዓተ ነጥብ እያሉ ያንን ብቻ ያያሉ። ትክክለኛውንም አይጽፉለትም፤ በኅዳጉ ላይ «ስ» ካሉ ስምምነት፣ «ነ» ካሉ ነጥብ፣ «ሆ» ካሉ ሆሄ ማለት ነው። በዚያ መስመር ላይ የተበላሸውን ፈልጎ ማግኘት የልጁ ሥራ ነው። ቀይ በቀይ ሆኖ የተመለሰ ደብተር ልጁ ዘግቶት ይቀመጣል፤ ሦስት ምልክት ያለበትን ግን ይሠራዋል።

ከአንድ ደብተር ላይ በፈቃድ የወሰድነው ይህ ነው፦ «መምህራኖች ለተማሪዎቹ መጻሕፍቶች ሰጡዋቸው እና ከዚያ ተማሪዎቹ ደስ አላቸው እና ወደ ቤት ሄደ።» ከተመለሰ በኋላ በግራው ገጽ ላይ እንዲህ ሆኗል፦ «መምህራን ለተማሪዎቹ መጻሕፍት ሰጧቸው። ተማሪዎቹ ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ሄዱ።» «መምህራን» እና «መጻሕፍት» ራሳቸው ብዙ ናቸው፤ «ኦች» ሲጨመር ብዙ ቁጥሩ ይደረባል። «ሄደ» ከ«ተማሪዎቹ» ጋር አይስማማም። «ሰጡዋቸው» ደግሞ «ቁዋንቁዋ» ብሎ እንደመጻፍ ነው፤ ዲቃላ ሆሄያቱ ቧ፣ ቷ፣ ጧ፣ ቋ እያሉ ተቀምጠው ሳለ ልጆች የሚረሷቸው በስልክ ሲጽፉ ስለማይፈልጓቸው ይመስለናል። «እና ከዚያ» የአፍ ወሬ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው፤ ትንፋሽ ያለቀበት ቦታ አራት ነጥብ ይጠይቃል።

በሞክሼ ሆሄያት (ድምፃቸው አንድ፣ ቅርጻቸው የተለያየ ፊደላት) ላይ ያላቸው አቋም ሁሉንም ወላጅ አያስደስትም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ፣ ሠ በግእዙ ሥርዓት ካልተጻፈ ብለው አያስጨንቁም። የሚጠብቁት ወጥነትን ነው፤ «ፀሐይ» ብሎ የጀመረ «ጸሀይ» ብሎ አይጨርስም። ለዚህ ዕድሜ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ብለን እናምናለን። መነሻውን ማወቅ የሚፈልግ ልጅ ሲጠይቃቸው ደግሞ በደስታ ያስረዱታል።

ሰኞ ሰኞ ስምንት መስመር ቃለ ጽሕፈት አለ። ምንባብ ጮክ ብለው ሲያነቡ መጥበቅና መላላት ይታያል፦ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው፤ «ዋና» ሲላላ የውኃ፣ ሲጠብቅ ዋነኛ ነው። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ አንባቢው ከዐውዱ መገመት አለበት፤ አንድ ቃል ቀድሞ የማያይ ልጅ እዚህ ላይ ይደናቀፋል።

ስነ ጽሑፉ ላይ በወር አንድ መጽሐፍ ማንበብ ግዴታ ነው። የሚቀርበው ግን ማጠቃለያ አይደለም፤ ማጠቃለያ ከጀርባው ሽፋን ወይም ከቴሌግራም ይገለበጣል። በአንድ ካርድ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደከለከለው፣ መቼቱ (ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ)፣ እንዲሁም ልብ የነካ አንድ አንቀጽ ከነገጽ ቁጥሩ ይጻፋል። ከዚያ በቃል አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ ይህ ታሪክ ከገጠር ወጥቶ መርካቶ ቢሆን ምኑ ይፈርሳል? መጽሐፉን ያላነበበ ይህን አይመልስም። ጭብጥ ሲጠየቅ «ስለ ፍቅር» ማለት ዜሮ ነው። ስለ ፍቅር ምን? ጭብጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ካልተጻፈ ርእሰ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ብዙ ጎልማሳ አንባቢም እነዚህን ሁለቱን ያምታታል። በግጥም ደግሞ ቤት ለመምታት ሲሉ የሌለ ቃል የሚፈጥሩትን «መጀመሪያ ልትለው የፈለግከውን በተራ ወሬ ንገረኝ» ይሏቸዋል።

የቃል ንግግር ሦስት ደቂቃ ነው፤ በእጅ የሚያዘው አራት ቃል ብቻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነው። ከወረቀት ያነበበ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። በክርክር ተራ ደግሞ የተቃራኒውን ወገን ነጥብ አስቀድሞ በትክክል ያልደገመ የራሱን መናገር አይጀምርም። ይህን ቤታችን እራት ላይ ሲያደርጉት ሰምተናል፤ መምህርት፣ እድሜና ጤና ይስጥልን።

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ጥያቄው ምርጫ ስለሆነ ጽሕፈት ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። እንዲያውም ልጆችን የሚጥለው የምንባብ ጥያቄ ነው፣ በተለይ ዐውዳዊ ፍቺ፣ ማለትም ቃሉ በዚያ ምንባብ ውስጥ ያለው ትርጉም። «ቀለም የቆጠረ ሰው» በሚል ሐረግ ውስጥ «ቀለም» ሲጠየቅ ከምርጫዎቹ አንዱ መቀቢያው ቀለም ይሆናል፤ መዝገበ ቃላት ላይ ትክክል ነው፣ እዚያ ምንባብ ላይ ግን ትምህርት ነው። ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ማንበብ፣ ምርጫውን በቃሉ ቦታ ተክቶ ዓረፍተ ነገሩን መልሶ ማንበብ ያስለምዷቸዋል።

ከወላጅ የሚጠይቁት ጥቂት ነው፦ ማታ 10 ደቂቃ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ መስማት፣ ድርሰቱን ግን አለመንካት። ወላጅ ያሳመረውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር ያውቁታል፤ ያለ ነጥብ ይመልሱታል።

ለማን እንደማይሆኑም እንናገር። የፈተና ጥያቄ ብቻ አሸምድደው በሦስት ሳምንት እንዲያደርሱለት የሚፈልግ ሌላ ሰው ቢፈልግ ይሻላል። በመጀመሪያው ወር የልጁ ውጤት ከለመደው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ክፍያ ከከፈሉ በኋላ ከመደንገጥ አሁኑኑ ማወቁ ይበጃል።

በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ በሳምንት ሦስት ቀን እስከ 12 ልጅ ይይዛሉ፤ 7ኛና 8ኛ ለየብቻ። ክፍያውን ከራሳቸው ጋር ይነጋገሩ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። ስትሄዱ ልጁ በራሱ እጅ የጻፈውን፣ ማንም ያላረመውን አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከየት እንደሚጀምሩ የሚወስኑት እሱን አይተው ነው።