እናቴን የጭንቅላት ኤምአርአይ ያስነሳንበት ማዕከል፣ ማሽኑ አሪፍ ሲዲው ላይ ግን

እናቴ ራስ ምታቱ አልለቅ ብሏት ከርሞ ቀኝ እጇን ማንቀጥቀጥ ሲጀምራት ሲቲ ስካን ተነሳች፣ እብጠት ነገር አለ ተባለ፣ ሰርጀኑ ደግሞ ኦፕራሲዮን ሳትገባ በፊት ኤምአርአይ በኮንትራስት አምጡልኝ ብሎ ጻፈልን። አዲስ አበባ ካሉት የግል ማዕከሎች አንዱ ጋ ነው የሄድነው፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም።

ማሽኑ 1.5 ቴስላ ነው (ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ይሄን ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፣ ክፍት የሚባሉት 0.3 አካባቢ የሆኑት ጠባብ ቦታ ለሚፈራ ሰው ቢመቹም ለጭንቅላት ዕጢ እንደዚህ ጥርት አድርገው አያሳዩም። ኮንትራስቱ ጋዶሊኒየም ያለበት በደም ስር የሚሰጥ መድሃኒት ነው፣ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ የክሪያቲኒን (ኩላሊት መሥራቱን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤት ይዛችሁ ሂዱ።

ቴክኒሻኗን እግዜር ይስጣት። ማግኔቱ ሁሌም እንደበራ ነው፣ ብረት የሚባል ነገር ይዞ መግባት አይቻልም፣ እናቴ መስቀሏን አላወልቅም ስትል "እማማ ማተቡ አንገትዎ ላይ ይቆይ፣ መስቀሉን ብቻ ልጅዎ ይያዝልዎት" ብላ በእጇ ፈታችላት። ጆሮዋን ደፈነችላት፣ ከጨነቀዎት ይጫኑት ብላ የጎማ ኳስ አስያዘቻት። ድምፁ ቆርቆሮ እንደሚመታ ነው፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው እንዳይደነግጡ።

ምስሉን ሰርጀኑ ሲያሳየን ገረመኝ። ያለ ኮንትራስት ዕጢው ከአንጎሉ ጋር ተመሳስሎ ግራጫ ነው፣ በኮንትራስት ግን ነጭ ሆኖ ቦግ ብሎ፣ በግራ በኩል ከአንጎል ሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ታየ፣ እጅ የሚያንቀሳቅሰውን ቦታ ተጭኖታል። ሪፖርቱ ሜኒንጂዮማ (ከአንጎል ሽፋን የሚነሳ ዕጢ) ይመስላል ይላል፣ ስሙን የሚያረጋግጠው ግን ዕጢው ወጥቶ ፓቶሎጂ፣ ማለት ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ፣ ሲታይ ነው አለን ሰርጀኑ። እሱ ብዙ ያየው ዕጢው ለትልቁ የደም መልስ ስር ምን ያህል እንደቀረበ ነው፣ ከየት ገብቶ የት እንደሚያቆም የሚወስነው በዛ ነው።

ቅሬታዬ ምን መሰላችሁ፣ በስልክ የነገሩን ዋጋ ኮንትራስቱን አይጨምርም፣ ካሸር ጋ ስትደርሱ ነው የምትሰሙት፣ ይሄ በታማሚ ሰው ላይ በጣም ያናድዳል። ሌላው ፊልምና ሪፖርት ብቻ ሰጥተው ነው የሚሸኟችሁ፣ ሰርጀኑ ግን የሚፈልገው ኮምፒውተር ላይ ቁራጭ በቁራጭ እያሳለፈ የሚያይበትን ሲዲ ነው። ተመልሰን ሄደን ስንጠይቅ የሰጡን ደግሞ ባዶ ሆኖ ተገኘ፣ የኦፕራሲዮን ቀን እየጠበቀች ላለች ሴት! ስለዚህ ሲዲውን ጠይቁ፣ እዛው ከፍተው ምስሉን ሳያሳዩዋችሁ እንዳትወጡ።