ያለ ሞተር የሚሠራው ሳር ማጨጃ፦ ከሐምሌ እስከ ሚያዝያ

በእጅ የሚገፋውን ይህን ሳር ማጨጃ መርካቶ የገዛሁት ባለፈው ሐምሌ ነው። አሁን ሚያዝያ ገብቷል፤ ክረምቱንም፣ የጥቅምትን ብርድም፣ የበጋውን ድርቀትም አብረን አልፈናል። ሞተር የለው፣ ገመድ የለው። መብራት ሄደ መጣ፣ ቤንዚን ጠፋ ተገኘ አይመለከተውም። ቀበና ያለው ግቢዬ ሁለት መኪና ቢያቆም ነው፤ ለዚህች ቦታ ዋጋው እጥፍ የሆነውን ባለ ቤንዚኑን መግዛት አልታየኝም።

ጎማው ሲዞር የተጠማዘዙ ስለቶች ያሉት ሲሊንደር አብሮ ይዞራል፤ ከሥር ካለው ከማይንቀሳቀሰው ስለት ጋር ሲገናኝ ሳሩን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። እንግሊዛዊው ኤድዊን ባዲንግ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት ያወጣበት ማሽን በመሠረቱ ይኸው ነው። ሐሳቡን የወሰደው ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ጸጉር ከሚከረክም መሣሪያ ነበር።

ከወራት አጠቃቀም በኋላ ፍርዴ አንድ ነው፦ ይህ የበጋ ማሽን ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ ዝናብም የለ። የእኔ ሳር ኪኩዩ የሚባለው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ የሆነው ነው። በብርዱ እድገቱ ስለሚቀንስ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ማጨድ ይበቃዋል። ያን ጊዜ ማሽኑ ያለ ድካም ይሄዳል፤ ጫፉንም ስለማይቦጫጭቀው የተቆረጠው ቦታ ደርቆ አይነጣም። ባለ ሞተሩ ማሽን ስለቱ ከዶለዶመ ግን ሳሩን ስለሚቀደው፣ በፀሐይ ላይ ልዩነቱ ከሩቅ ይታወቃል።

ዋናው ነገር ቁመቱ ነው። በበጋ የኋላውን ተሽከርካሪ ዘንግ ወደ መጨረሻው እርከን አወርደዋለሁ፤ ያኔ ስለቱ ከመሬት ከፍ ስለሚል ሳሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይቀራል። ኪኩዩ መሬት ለመሬት የሚሄድ ግንድ ስላለው ዝቅ ተደርጎ ሲታጨድ ቡናማው ግንድ ይገለጣል፣ አፈሩም ቶሎ ይደርቃል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አለመቁረጥም ይመከራል። ብጥስጣሹን አልጠርገውም፤ ደቃቅ ስለሆነ በቶሎ ደርቆ ይበሰብሳል፣ ናይትሮጅኑንም ለሳሩ ይመልሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት አንዴ ማለዳ ላይ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል።

ክረምት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ነሐሴ ላይ ሳሩ አንድ ሳምንት ከተረሳ ከጋት በላይ ይሆናል፤ ማሽኑ ቆርጦ በመጣል ፈንታ ያስተኛውና አልፎት ይሄዳል። እርጥቡ ሳር ሲሊንደሩ ላይ ይጠመጠማል። ጎማው ጭቃው ላይ ከተንሸራተተ ደግሞ ስለቱም ይቆማል፤ የሚያዞረው እሱ ነዋ። ስለዚህ በክረምት መጀመሪያ በማጭድ ማሳጨድ፣ ከዚያ በማሽኑ ማስተካከል ነው። ማጭዱን ለሌላም ቢሆን አይጣሉት፦ ከዚህ ማሽን የሚወጣው ሳር ለቡና ጉዝጓዝ አይሆንም። ለእንቁጣጣሽ ብለው የሚያስቡ ካሉ፣ ተስፋ ይቁረጡ።

የስለቱ ጠላት ጠጠር ነው፤ ጎረቤት ፎቅ እየተሠራ ከሆነ ከማጨድዎ በፊት ግቢውን ይልቀሙ። ሲዶለዱም ለመንገድ ቢላ ሳዮች አይስጡት፤ ጠመዝማዛውን ቅርጽ ያበላሹታል። ጋራዦች የሞተር ቫልቭ የሚሞርዱበትን ቅባት ስለቱ ላይ ቀብቶ ሲሊንደሩን ወደ ኋላ ማዞር ነው፤ ከዚያ አጥቦ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ብሎኖች እያጠበቁ ሁለቱ ስለቶች ለጥቂት እስኪነካኩ ማቀራረብ።

ጉድለቱን ልናገር። የኋላው ዘንግ ፕላስቲክ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ተሰነጠቀ። መለዋወጫ ስላልተገኘ ቶርኖ ቤት ከብረት አሠራሁት፤ አሁን ክብደቱ ትንሽ ጨምሯል እንጂ ጥሩ ነው። የመያዣው ብሎኖችም ይላላሉ፣ ቁልፍ ከአጠገብ አይራቅ። ስለቱ በዘይት ካልተወለወለ በክረምት ቶሎ ይዝጋል።

ሊገዙ ሲሄዱ አሮጌ ጋዜጣ ይዘው ይሂዱ። ሲሊንደሩን በእጅ ቀስ ብለው እያዞሩ ወረቀቱን በዳር፣ በመሃል፣ በሌላውም ዳር ያስቆርጡት፤ ጣት ብቻ እንዳይገባ። አንዱ ጋ ቆርጦ ሌላው ጋ ከጨመደደ ስለቱ አልተስተካከለም። ሻጩ ማስሞከር ካልፈለገ ቀጣዩ ሱቅ ይግቡ።