ደርቆም ቀለሙን የማይለቅ አበባ፦ ስትሮውፍላወር፣ ስታቲስ ወይስ ጎምፍሬና?

«ደረቅ አበባ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። ቀይ ጽጌረዳ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ነጩ ወደ ቡኒ ይሄዳል። እነዚህ ሦስቱ ግን ከደረቁም በኋላ ቀለማቸው አብሯቸው ይቆያል። ቀለሙን የያዘው ስሱና እርጥቡ የአበባ ቅጠል ሳይሆን ከውጭ ያቀፈው፣ ገና ተክሉ ላይ እያለ ወረቀት የሚመስለው ክፍል ስለሆነ ነው።

ለዓይን የሚሞላው ስትሮውፍላወር ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፣ ሮዝና ነጭ ይገኛል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። ሙሉ በሙሉ የፈካውን ገዝታችሁ ከሰቀላችሁት እየደረቀም መፍካቱን ስለሚቀጥል ውጪዎቹ ወደ ኋላ ይቀለበሳሉ፣ መሃሉም ይበተናል። ከዳር ሁለት ሦስት ረድፍ ብቻ የተከፈተውን ምረጡ። አንገቱም ደካማ ነው፤ ሲደርቅ እንዳይደፋ ሽቦ ይፈልጋል። ደግሞ በክረምት እርጥበት ይከደናል፣ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይከፈታል፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት።

«የትኛውን ልግዛ?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ስታቲስ ነው። ከሜዲትራኒያን ዳርቻ የመጣ ነው፤ ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ ሽቦ አይፈልግም፣ ያለ ውሃ ብታቆሙትም ራሱን ችሎ ይደርቃል። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች ይረግፋሉ፤ ወይን ጠጁ፣ ሰማያዊው ወይም ቢጫው ወረቀት መሰል ክፍል ግን ይቀራል። ጉድለቱ፣ ብቻውን ጎልቶ የሚታይ ትልቅ አበባ የለውም። እቅፍ ይሞላል እንጂ የእቅፉ ንግሥት አይሆንም።

ጎምፍሬና ትንሽ ክብ ኳስ ነው። ሐምራዊው ቀለም አያያዙ ይገርማል፤ ኔፓል ውስጥ በቲሃር በዓል እህቶች ለወንድሞቻቸው የሚያጠልቁት ጉንጉን ከዚሁ ይሠራል። ለጉንጉንና ለጠረጴዛ ጌጥ ግዙት። ዘሩን ለመትከል ካሰባችሁ ግን ሙቀት ወዳድ ነው፤ ብርዳማ ደጋ አይስማማውም።

ከኢትዮጵያ እርሻዎች ወደ ውጭ የሚላከው ጂፕሶፊላም (ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች ያሉት) በቀላሉ ይደርቃል፤ ነጭነቱ ግን ውሎ አድሮ ወደ ክሬም ስለሚያደላ ለማሟያ ብቻ።

ትኩሱን ከገዛችሁ፣ ጨለማና ነፋሻ ቦታ ቁልቁል ሰቅላችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ተዉት። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሦስቱንም ያደበዝዛል። ሻጩ «ደርቋል» ካለ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የግንዱን ጫፍ አጠፍ አድርጉት፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ እርጥበት አለው፣ በፌስታል ታስሮ ከሰነበተ ይሻግታል።