ባለ ስላይድ ወይስ ባለ ቫልቭ፦ ለለስላሳ ዜማ አልበም የቱ ትሮምቦን ይሻላል?

ትዝታን፣ አንቺሆዬንና የሌላ ሀገር እንጉርጉሮዎችን በአንድ ትሮምቦን ብቻ ለመቅዳት ባለ ስላይዱን (ተንሸራታች ቱቦ ያለውን) እንመርጣለን። ባለ ቫልቩ (በጣት የሚጫኑ ቁልፎች ያሉት) በፍጥነት ይበልጣል፤ እንጉርጉሮ ግን መቼ ችኮላ ወዶ ያውቃል?

ልዩነቱ አንቺሆዬ ላይ ይጎላል። ከመካከለኛው ቢ ፍላት ግማሽ ድምፅ ከፍ ወዳለው ኖታ፣ ወደ ቢ፣ ሲኬድ ቫልቩ ይዘላል። በስላይድም ቢ ፍላትን በ1ኛ ቦታ (ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቶ) ከያዙት ቢ ያለው 4ኛ ላይ ስለሆነ ዜማው ይቆረጣል። ዘዴው ቢ ፍላትን በ5ኛ ቦታ መንፋት ነው፤ ከዚያ ስላይዱን 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሲስቡት ድምፁ እንደ ማሲንቆ ጣት ይንሸራተታል። ሁለቱም ኖታዎች እዚያ በተፈጥሯቸው ትንሽ ስለሚወርዱ ከቦታው ጥቂት ወደ ውስጥ ይያዟቸው።

ጣጣም አለው፦ ምላስ ካልነካው ኖታው ሁሉ ይጎተታል። «ዳ» እያሉ በስሱ ይንኩ። በባለ ቫልቩ ደግሞ 1ኛና 3ኛው ቫልቭ አብረው ሲጫኑ ድምፁ ከቅኝቱ ከፍ ይላል፤ በከንፈር ማውረድ ግድ ነው።

ከ2,700 ሜትር በላይ ያለችው የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ የሁለቱንም ትሮምቦኖች ቅኝት ያወርዳል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ያህል ነፍተው ያሙቁት፣ ከዚያ ይቃኙት። በቀዝቃዛነቱ የተቃኘ መሣሪያ በቀረጻው መሃል ሲሞቅ ከክራሩ በላይ ይወጣል።