ባሕር የሌለው ዳርቻ፦ አንድ ቀን በአንኮበር አፋፍ

እናቴ "የመስቀል ወፍ" ትለኛለች፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብዬ ስለምጠፋ። ዘንድሮ ግን በጥቅምት አጋማሽ ደብረ ብርሃን ስደርስ ያም ስም ቀረብኝ። "መስቀሉም አለፈህ" አለችኝ። በማግስቱ አንኮበር የምሄደው ወፍ ለማየት መሆኑን ስነግራት ጋቢዋን ሳብ አድርጋ ዝም አለች።

የምኖረው ስዊድን ውስጥ፣ ማልሞ ከተማ ነው። ከዚያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ሲኬድ ፋልስተርቦ የሚባል፣ ወደ ባልቲክ ባሕር ሾልኮ የገባ አሸዋማ መሬት አለ። በመስከረምና በጥቅምት ከሰሜን የሚሰደዱ ወፎች እዚያ ጫፍ ላይ ይከማቻሉ። ትልልቆቹ አዳኞች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከሞቀ መሬት በሚነሣ አየር ነው፤ ባሕር ይህን ስለማይሰጣቸው የብሱ እስኪያልቅባቸው ድረስ ዳርቻውን ይዘው ይሄዳሉ። ሰሜን ሸዋ ባሕር የለውም። አፋፍ ግን አለው። አንኮበር ጫፍ ላይ ቆሞ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ያየ ሰው የባሕር ዳርቻ አያምረውም።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። መኪና የተከራየሁት ደብረ ብርሃን ከሚገኝ አንድ ድርጅት ነው። ቀጠሯችን ሌሊት 11 ሰዓት ነበር፤ ሹፌሩ የመጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ። በስልክ ሁለት ጊዜ "ደርሻለሁ" ብሎኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ነበር። እውነቱን ቢነግረኝ ብርድ ላይ ቆሜ አልጠብቅም ነበር። መንዳቱን ግን አደንቃለሁ። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጉም በወረደበት ኩርባ ሁሉ ጥሩንባ እየነፋ በዝግታ አለፈ። ደረሰኝ ስጠይቀው "ከቢሮ ይላካል" አለኝ። እስካሁን አልተላከም።

የአካባቢው አስጎብኚ ባና የደረበ ወጣት ነው፤ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀን ነበር። በማርፈዴ ተናድጄ እንደሆነ ገብቶት "ጋሼ፣ ንስር ከዶሮ ጋር አይነሣም" አለኝ። ልክ ነበር፤ ገደሉ ሳይሞቅ ንስር አይነሣም። እስከዚያው ከአፋፉ በታች ወደሚገኝ ድንጋያማ ሜዳ ወሰደኝና መሬት ላይ ዘር የሚለቅሙ ትንንሽ፣ ቡናማ፣ ሽንትር ያላቸው ወፎች አሳየኝ። ሲያዩዋት ድንቢጥ ናት ብለው የሚያልፏት ዓይነት ናት። ይህቺ የአንኮበር ሴሪን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም፤ ለሳይንስ የተገለጸችውም በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ለረጅም ዓመታት ከዚህ አካባቢ በቀር አትታወቅም ነበር፤ በኋላ ግን በሰሜን ተራሮችም ተገኝታለች። እኔ በባይኖኩላር የማላገኛትን ልጁ በድምፅዋ ብቻ ያውቃት ነበር።

አራት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ተከፈተ። መጀመሪያ ሁለት፣ ቀጥሎ ሰባት ቡናማ ንስሮች ከቆላው እየተሽከረከሩ ወጡ፤ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በዓይናችን ትክክል አልፈው ወደ ደቡብ ሄዱ። እነዚህ ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳዎች የሚመጡ ናቸው፤ ብዙዎቹ በዓረብ ምድር አድርገው በባብ ኤል መንደብ ጠባብ ባሕር ይሻገራሉ። በ1987 እ.ኤ.አ. መጸው በዚያ መሻገሪያ ላይ በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አእዋፍ ተመዝግበዋል። ፋልስተርቦ ንስር ለማየት ቀና ብዬ አንገቴ ይቀጫል። እዚህ ጀርባቸውን ከላይ ሆኜ አየሁ።

ምሳ በአንድ ሎጅ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ሽሮ አዘዝን፤ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ። ሽሮው ጥሩ ነው፣ እንጀራው ከዚያም ይሻላል፣ መጸዳጃው ውኃ የለውም።

ለአስጎብኚው የከፈልኩት ለመኪናው ከከፈልኩት አንድ አምስተኛ አይሞላም። ይህ አሳፈረኝና ጨመርኩለት። የምትሄዱ ካላችሁ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ፤ ከመኪናም በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ፈልጉ። ወፎቹን የሚያውቀው እሱ ነው፤ መኪናው የሚያደርሰው እስከ መንገዱ ጫፍ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ጥቂት ወረድን። በአንድ የማሽላ ማሳ መካከል ማማ ላይ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ተቀምጧል። አስጎብኚው ምን እንደምንሠራ ሲነግረው ሳቀ። "እኛ እናባርራቸዋለን፣ እሳቸው ከፍለው ያያሉ?" ባይኖኩላሬን ሰጠሁትና ንስር ወዳለበት አመለከትኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ሰማይ አየ። ከዚያ ወደ ማሽላው ዳር አዞረው፤ ያረፈ የወፍ መንጋ አገኘ፤ ባይኖኩላሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ ወንጭፉን አስጮኸው። መንጋው እንደ ጭስ ተነሣ።

"ጋሼ፣ ይህን ትተውልኝ አይሄዱም?" አለኝ።